እኩለ ሌሊት ላይ ዊልቸር የሚጭን ታክሲ ከየት ይገኛል?

ጥያቄ፦

«የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የምሠራው ደግሞ ዋሽንግተን ዲሲ መሀል ከተማ በሚገኝ ሆቴል የክፍል ማስያዣ ስልክ በመመለስ ሲሆን፣ ከእሑድ እስከ ሐሙስ ከሥራ የምወጣው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ዊልቸር ተጠቃሚ ነኝ። ወንበሬ በባትሪ የሚሠራ ስለሆነ አይታጠፍም፤ እኔም ከወንበሬ ተነሥቼ መኪና ላይ መቀመጥ አልችልም። ወደ ሥራ የምሄደው በባቡር ነው፤ ችግሬ መመለሻው ነው። በስልክ አፕ ስፈልግ ‹መኪና የለም› ይለኛል፤ ካልሆነም ሹፌሩ ጥሪውን ተቀብሎ ትንሽ ቆይቶ ይሰርዘዋል። በቅርቡ ደውዬ ያዘዝኩት ራምፕ (ዊልቸር የሚወጣበት ተዘርጊ መወጣጫ) ያለው የዲሲ ታክሲ መጣልኝ። ሹፌሩ ያገራችን ልጅ ነበር። ወንበሬን አይቶ ‹እህቴ፣ ይሄን ለማሰር ጊዜ ይፈጅብኛል፤ ሌላ ታክሲ ጥሪ› ብሎኝ ሄደ። ያን ዕለት ቤቴ የገባሁት ሊነጋጋ ሲል ነው። ከእንግዲህ ምን ባደርግ ይሻለኛል? ልጁንስ ብከሰው እንጀራውን እዘጋበታለሁ ብዬ ፈራሁ፤ ዝም ብዬ እንዳልተወው ደግሞ ውስጤ እምቢ አለኝ።»

የሌሊት ተረኛዋ

መልስ፦

ውድ እኅታችን፤

እኩለ ሌሊት ላይ ከሆቴሉ በር ወጥቶ ያን ጊዜ መኪና መፈለግ ለእርስዎ ሁኔታ የሚሆን መንገድ አይደለም፤ ምንም ያህል ቢታገሡ፣ ምንም ያህል ስልክ ቢደውሉ ዕድልዎ ያው ነው የሚሆነው። የሌሊቱ መመለሻዎ ገና በቀን ተይዞ ማደር አለበት። ይህን ለማድረግ ደግሞ ከብዙ ሰው የተሻለ ነገር በእጅዎ አለ፤ የሚወጡበት ቀን፣ ሰዓት፣ የሚሄዱበት አድራሻ ሁሉ የታወቀና የማይለዋወጥ ነው። በዚያ ሰዓት ለመሥራት ፈቃደኛ የሆነ ሹፌር ቢገኝ፣ በሳምንት አምስት ቀን የተረጋገጠ ጉዞ ማለት ለእርሱም ቀላል ነገር አይደለም።

መኪናው ለምን እንደሚጠፋ ማወቁ ፍለጋውን ያቀልልዎታል። ወለሉ ዝቅ ተደርጎና ራምፕ ተገጥሞለት የተለወጠ ቫን ከተራ የታክሲ መኪና እጅግ ይወደዳል፤ ነዳጅም ይበላል፤ ተሳፋሪ ለመጫንና ለማውረድም ተጨማሪ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ የቫኑ ባለቤት ገቢውን የሚያገኘው በአብዛኛው በቀን፣ ሕሙማንን ወደ ኩላሊት እጥበትና ወደ ክሊኒክ በኮንትራት በማመላለስ ነው። ከንጋት ጀምሮ ሲሠራ የዋለ ሰው በምሽት መኪናውን አቁሞ መተኛቱ አይቀርም። የዋሽንግተን ዲሲ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው የታክሲ ማሻሻያ ሕግ፣ 20 እና ከዚያ በላይ ታክሲ ያላቸው ድርጅቶች ከመኪኖቻቸው መካከል ዊልቸር የሚጭኑትን በ2014 መጨረሻ 6 በመቶ፣ በ2016 መጨረሻ 12 በመቶ፣ በ2018 መጨረሻ ደግሞ 20 በመቶ እንዲያደርሱ ታዝዘዋል። መኪናው መኖሩ ብቻውን ግን በእኩለ ሌሊት መሪ የጨበጠ ሹፌር አለ ማለት አይደለም። አፑ «መኪና የለም» ሲልዎት በአብዛኛው እውነቱን ነው፤ ያሉት ጥቂቶች ምናልባት አንዱ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ሌላው ሌላ የቨርጂኒያ ሰፈር ውስጥ ይሆናሉ።

ወደ ታክሲው ከመግባቴ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ላንሣ፤ የሥራ ሰዓትዎ አንድ ሰዓት ቀድሞ ቢጀምርና አንድ ሰዓት ቀድሞ ቢያልቅስ? የሜትሮ ባቡር ከእሑድ እስከ ሐሙስ የሚዘጋው እኩለ ሌሊት ላይ ነው፤ እርስዎ የሚወጡትም በዚያው ሰዓት ነው። ባሉበት አካባቢ የሚያልፈው ቀዩ መስመር ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ ያለ ምንም ማቀያየር ይወስድዎታል፤ ሲመጡም የሚመጡት በእርሱ ነው። እንግዲህ የታክሲው ችግር ግማሹ የፈረቃ ችግር ነው ማለት ነው። 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ፣ አካል ጉዳተኛ ሠራተኛ ከጉዳቱ ጋር የተያያዘ ማመቻቸት ሲጠይቀው ጉዳዩን በቅንነት የመነጋገር ግዴታ በፌዴራል ሕግ አለበት፤ የሥራ ሰዓትን ማሻሻልም በሕጉ በስም ከተጠቀሱት የማመቻቸት ዓይነቶች አንዱ ነው። አሠሪዎ ቤትዎ ድረስ እንዲያደርስዎ አይገደድም፤ የጠየቁት ሁሉ ይፈቀድልዎታል ብዬም ተስፋ አልሞላዎትም። ሆኖም ስልክ ለመመለስ ሥራ የአንድ ሰዓት ሽግሽግ ከባድ ጥያቄ አይደለም። በቃል ሳይሆን በጽሑፍ፣ ለቅርብ አለቃዎና ለሰው ኃይል ክፍሉ በአንድ ጊዜ ይላኩ። «ሥራ መቀነስ አልፈልግም፤ አንድ ሰዓት ቀድሜ ገብቼ አንድ ሰዓት ቀድሜ ልውጣ፤ ምክንያቱም ከእኩለ ሌሊት በኋላ ዊልቸሬን የሚያስገባ መጓጓዣ ማግኘት ይቸግረኛል» የሚል አጭር ደብዳቤ ይበቃል።

ይህ ከተሳካልዎ የሚቀርዎት ሥጋት አሳንሰሩ ነው። የሜትሮ ጣቢያዎች ሁሉ አሳንሰር አላቸው፤ ነገር ግን ይበላሻሉ። ከሥራ ከመውጣትዎ በፊት የሚሳፈሩበትንም የሚወርዱበትንም ጣቢያ አሳንሰር ሁኔታ ሜትሮ በየዕለቱ ከሚያወጣው ዝርዝር ላይ ይመልከቱ። የሲልቨር ስፕሪንጉ ተበላሽቶ ከሆነ፣ ባቡሩ ላይ ከመውጣትዎ በፊት ለጣቢያው ኃላፊ ይንገሩ፤ በቅርብ ካለው ጣቢያ ወስዶ የሚያደርስ መኪና እንዲላክልዎ የመጠየቅ መብት አለዎት። ይህን ሳያውቁ ጣቢያ ላይ ተጣብቀው ያመሹ ብዙ ሰዎች አሉ።

ፈረቃው አልለወጥ ካለ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ሜትሮአክሰስ ነው፤ ይህም በመደበኛው ባቡርና አውቶቡስ መጓዝ ለሚቸግራቸው አካል ጉዳተኞች ሜትሮ የሚያቀርበው፣ በቀጠሮ የሚመጣ የመኪና አገልግሎት ነው። ደብዳቤዎ ውስጥ ስላላነሡት ገና አልተመዘገቡም ብዬ ልገምት። ማመልከቻው በሐኪም የሚሞላ ክፍል አለው፤ የተሟላ ማመልከቻ ከገባ በኋላ በ21 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠዎት፣ ውሳኔው እስኪመጣ ድረስ አገልግሎቱን ማግኘት እንዲጀምሩ የፌዴራሉ ደንብ ያዝዛል። ክፍያው በዚያው መስመር ከሚከፈለው የመደበኛ መጓጓዣ ዋጋ ከእጥፍ ሊበልጥ አይችልም። ጉዞውን ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ማስያዝ ያስፈልጋል፤ እንደ እርስዎ በየቀኑ በአንድ ሰዓት ከአንድ ቦታ የሚመለስ ሰው ደግሞ በየጊዜው መደወል ሳይኖርበት ቋሚ ጉዞ ማስመዝገብ ይችላል። ጉድለቱን አስቀድመው ይወቁት። መኪናው ከሌሎች ተሳፋሪዎች ጋር የሚጋሩት ስለሆነ ዙሪያ ጥምጥም ሊሄድ ይችላል፤ ሰዓቱና ክልሉም መደበኛው ባቡርና አውቶቡስ ከሚሠራበት ጋር የተሳሰረ ነው። ሌሊቱን ሙሉ የሚሠሩ የአውቶቡስ መስመሮች ስላሉ ግን «ከእኩለ ሌሊት በኋላ አይሠራም» ብለው በራስዎ አይወስኑ፤ የሆቴሉንና የቤትዎን አድራሻ፣ የሚነሡበትንም ትክክለኛ ሰዓት ሰጥተው ይጠይቁ። መልሱ የሚወሰነው በአድራሻ ነው።

አሁን ወደ ታክሲው። ስለ አፑ ብዙ አልልም። ኡበር ዋሽንግተን ውስጥ ዊልቸር የሚጭን መኪና የሚጠራበት ራሱን የቻለ ምርጫ አለው፤ እንደ መጠባበቂያ ይያዙት እንጂ አይተማመኑበት። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በኡበር ላይ ባቀረበው ክስ እ.ኤ.አ. በ2022 በተደረሰው ስምምነት መሠረት፣ በአካል ጉዳት ምክንያት ለመሳፈር ተጨማሪ ጊዜ የሚወስድባቸው ተሳፋሪዎች ይህንኑ ካሳወቁ የመቆያ ክፍያ እንዲነሣላቸው ተደርጓል፤ ካላሳወቁ ያሳውቁ።

የሚያዋጣው በስልክ የሚያነጋግሩት የታክሲ ድርጅት ነው። የሚደውሉትም ሌሊት ሳይሆን በቀን፣ ዲስፓቸሩ (ጥሪ ተቀብሎ ታክሲ የሚልከው ሠራተኛ) ፋታ ሲኖረው ይሁን። ጥያቄዎ «ዊልቸር የሚጭን መኪና አላችሁ?» ከሆነ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው፤ ምንም አይጠቅምዎትም። «ከእሑድ እስከ ሐሙስ እኩለ ሌሊት ላይ ራምፕ ያለው ቫን ይዘው የሚሠሩት የትኞቹ ሹፌሮች ናቸው? ስንት ናቸው? አንዱ ባይመጣ የምትልኩልኝ ማንን ነው?» ብለው ይጠይቁ። ስም ሊጠራ ያልቻለ ድርጅት በዚያ ሰዓት መኪና የለውም፤ ወደ ሌላው ይለፉ። የሚነሡት ከዲሲ ስለሆነ የዲሲ ታክሲ ሜሪላንድ ድረስ ሊያደርስዎ ይችላል፤ ስለዚህ ፍለጋዎን በዲሲ ድርጅቶች ይጀምሩ።

በዚያው ጥሪ ስለ ወንበርዎ የሚነግሩት ነገር ትክክለኛ ይሁን። ብዙ የኤሌክትሪክ ዊልቸሮች ሰውየው ሳይጨመር ከ300 ፓውንድ በላይ ይመዝናሉ። የወንበሩን ስፋት፣ ርዝመት፣ እርስዎ ተቀምጠውበት ከወለል እስከ ራስዎ ያለውን ቁመት፣ ጠቅላላ ክብደቱንም ለክተው በወረቀት ይያዙ። አንዳንዱ ቫን ራምፑ ከጎን ነው፣ አንዳንዱ ከኋላ ነው፤ ከጎን የሚዘረጋ ራምፕ የእግረኛው መንገድ ላይ ቦታ ይፈልጋል፤ ከኋላ የሚዘረጋው ደግሞ ወደ አስፋልቱ ያወርድዎታል። የሆቴሉ በር የትኛውን እንደሚመች አስቀድመው ይዩት።

ያ ሹፌር «ጊዜ ይፈጅብኛል» ስላለው ማሰሪያ ጥቂት ልበል፤ ነገሩ በሩቅ ሲታይ ከሚመስለው በጣም ያነሰ ነው። የቫኑ ወለል ላይ አራት ቀበቶዎች አሉ፤ ሁለቱ ከፊት፣ ሁለቱ ከኋላ። ወንበሩ ወደ ፊት ዞሮ ይቆማል፣ ሞተሩ ይጠፋል፣ ከዚያ አራቱም መንጠቆዎች በወንበሩ ጠንካራ ብረት ላይ ይያያዛሉ፤ ጎማው ላይ፣ የእጅ መደገፊያው ላይ ወይም የእግር ማሳረፊያው ላይ ፈጽሞ አይሰካም፤ እነዚህ ድንገት ፍሬን ሲያዝ ይነቀላሉ። በመጨረሻ ሌላ ቀበቶ በእርስዎ ወገብና ትከሻ ላይ ይታሰራል፤ ወንበሩን የያዘው ቀበቶ እርስዎን አይይዝምና ይህኛው እንዳይዘለል። የለመደ ሹፌር ይህን ሁሉ በጥቂት ደቂቃ ይጨርሰዋል። ያልለመደው የሚቸገረው መንጠቆውን የት እንደሚሰካ በጨለማ ሲፈልግ ነው። ስለዚህ ወንበሩን የሸጠልዎትን ወይም የሚጠግንልዎትን ባለሙያ አራቱን ትክክለኛ ቦታዎች አሳዩኝ ብለው፣ በእያንዳንዳቸው ላይ ቢጫ ፕላስተር ይጠቅልሉባቸው። «ቢጫ ያለበት ላይ ነው» ብሎ መናገር ለእርስዎም ለሹፌሩም ዕረፍት ነው።

በጎ ሹፌር ሲያጋጥምዎት ደግሞ በዋዛ አይልቀቁት። ፈቃዱን ጠይቀው ስልኩን ይያዙ፣ የሳምንቱን ቀኖች እሑድ ጠዋት ይላኩለት፤ የሚቀሩበት ቀን ካለ ሳይመሽ ይንገሩት፤ አንድ ሌሊት በከንቱ የተመላለሰ ሹፌር ሁለተኛ አይመጣም። ሁለተኛ ሰው ይኑርዎት፤ የመጀመሪያው የሚታመምበት ወይም አገር ቤት የሚሄድበት ጊዜ አለ። ጉዞው ግን በድርጅቱ በኩል የተመዘገበና በሜትር የሚቆጠር ይሁን፤ በቃል ስምምነት የተደረገ ጉዞ አንድ ነገር ቢፈጠር ለሁለታችሁም ማስረጃ አይሆንም። እንዲህ ያለውን ሰው ለማግኘት ሁለት ቅርብ በሮች አሉ። አንደኛው የራስዎ ሆቴል በር ነው፤ በር ላይ የሚቆሙት የሥራ ባልደረቦችዎ እንግዳ ሲሸኙ የሚያድሩ ስለሆኑ የትኛው ቫን በምን ሰዓት እንደሚያልፍ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ሁለተኛው ያገራችን ሰው ነው። በዋሽንግተንና በአካባቢው ታክሲ ከሚነዱት መካከል የኛ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ በዕድርዎ፣ በቤተ ክርስቲያንዎ ወይም በመስጊድዎ «ሌሊት ቫን የሚነዳ ማን አለ?» ብለው ቢያስነግሩ በአንድ ሳምንት ውስጥ ስም ይመጣልዎታል። ይህን መጠየቅ ልመና አይደለም፤ ለአንድ ሹፌር የሚከፈልበት ቋሚ ሥራ ይዘው ነው የሚቀርቡት።

መኪናው እስኪመጣ የሚጠብቁት ከሆቴሉ ውስጥ መሆን አለበት። የሌሊቱ ኃላፊ ይህን አስቀድሞ ይወቅ፤ ወንበርዎም ስልክዎም ቻርጅ እየተደረጉ ይቆዩ።

ዊልቸራቸው የሚታጠፍ፣ ራሳቸውም ወደ መኪና ወንበር መሻገር የሚችሉ አንባቢዎች ጉዳይ ከዚህ ይቀልላል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 26 ቀን 1990 በተፈረመው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ መሠረት የወጣው ደንብ፣ ማንኛውም ተራ ታክሲ እንዲህ ያለውን ተሳፋሪ አልጭንም እንዳይል፣ ወንበሩን ከኋላ የዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ ለማስገባት እንዳይለግም፣ ለዚህም ተጨማሪ ሒሳብ እንዳይጠይቅ ይከለክላል። በዲሲ የሚኖሩ የሜትሮአክሰስ ተመዝጋቢዎች ደግሞ ትራንስፖርት ዲሲ የተባለውን የከተማውን አገልግሎት መጠየቅ ይችላሉ፤ እርስዎ ግን የሜሪላንድ ነዋሪ ስለሆኑ አይመለከትዎትም።

የቀረው ከሁሉ የከበደዎት ጥያቄ ነው።

በመጀመሪያ ሁለት ሰዎችን እንለይ። ራምፕ የሌለው ትንሽ መኪና የያዘ ሹፌር የእርስዎን ወንበር «አይገባልኝም» ቢል እውነቱን ነው፤ አላጠፋም። ራምፕ ያለው ቫን ይዞ፣ ዊልቸር እንዲጭን ታዝዞ የመጣ፣ ወንበሩንም አይቶ «ጊዜ ይፈጅብኛል» ያለ ሰው ግን የመጣበትን ሥራ ነው እምቢ ያለው። የቫኑ ማሰሪያ የተገጠመው ለእርስዎ ነው። እርስዎን በእኩለ ሌሊት መንገድ ላይ ጥሎ መሄዱ ሕግ መተላለፍ ነው፤ ከሕጉ በፊት ደግሞ የጭካኔ ሥራ ነው፤ ይህን አለሳልሼ ልነግርዎት አልችልም። «እህቴ» ብሎ መጥራቱም ነገሩን አያቀልለውም።

እንጀራውን እዘጋበታለሁ የሚለውን ፍርሃትዎን አከብረዋለሁ፤ ከደግ ልብ የመጣ ነው። ይሁን እንጂ አንድ አቤቱታ በቀረበ ቁጥር የሰው ፈቃድ አይነጠቅም። መሥሪያ ቤቱ ሹፌሩን ይጠይቃል፣ መልሱን ይሰማል፣ እንደ ጥፋቱ ክብደት ማስጠንቀቂያ ወይም ቅጣት ይወስናል፤ ምናልባት ያን ልጅ ማሰሪያውን በደንብ ያላስተማረው ድርጅት ኖሮ ጥፋቱ ወደዚያ ይዞር ይሆናል። ቅጣቱን የሚመዝኑት እነርሱ ናቸው፤ ከእርስዎ የሚጠበቀው የሆነውን መናገር ብቻ ነው። ዝም ካሉ ግን በመዝገብ ላይ የሚቀረው «ታክሲ ተላከ» የሚለው ነው፤ ተሳፋሪዋ መንገድ ላይ መቅረቷን የሚያውቅ አይኖርም፤ በሚቀጥለው ሳምንት በዚያው በር የሚቆም ሌላ ሰውም ያው ቫን ይላክለታል። ከሹፌሮቹ መካከል ማንም ሳያስገድደው ከታክሲው ወርዶ፣ በብርድ ተንበርክኮ አራቱን ቀበቶ አስሮ፣ ቤት ድረስ አድርሶ የሚመለስ ብዙ ያገራችን ሰው አለ። ለእርሱም ቢሆን የሌላው ጥፋት እየተሸፈነ መቅረቱ ውለታ አይሆነውም።

እንግዲህ ይህን ያድርጉ። ያዘዙበትን ቀንና ሰዓት፣ የድርጅቱን ስም፣ የጥሪዎን ማስረጃ ከስልክዎ ላይ ያውጡ፤ የታክሲውን ቁጥር ባይዙትም ድርጅቱ ማንን እንደላከ መዝግቦታል። ወደፊት እንዲህ ያለ ነገር ከገጠመዎት፣ መኪናው ከመራቁ በፊት ጣሪያው ላይ ያለውን ቁጥርና ታርጋውን ፎቶ ያንሡ፣ ወዲያው ለዲስፓቸሩ ደውለው እምቢ መባልዎን ይንገሩና ምትክ ይጠይቁ፤ የደወሉበት ሰዓት ራሱ ምስክር ይሆናል። አቤቱታውን የሚያቀርቡት የዲሲን ታክሲዎች ለሚቆጣጠረው የኪራይ ተሽከርካሪዎች መሥሪያ ቤት ነው። ጉዳዩ አካል ጉዳተኛን ማግለል ስለሆነ ለዲሲ የሰብዓዊ መብት ቢሮም ማመልከት ይችላሉ፤ ይህኛው ድርጊቱ ከተፈጸመ ጀምሮ በ1 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት።

እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይናገሩ ወይም ለሚቸገሩ ሰዎች አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ አማርኛም ከሚያገለግሉባቸው ዋና ዋና ቋንቋዎች አንዱ ነው። የእርስዎ እንግሊዝኛ ለሥራዎ የሚበቃ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ያ ሹፌር የተናገረዎት በአማርኛ ነውና፣ ቃሉን እንዳለ በአማርኛ አስፍረው መሥሪያ ቤቱ እንዲያስተረጉመው ይጠይቁ።